የአቡ ስሊም መሰላል

ደበበ በያጅ ነው። በጁባው ሎሎጎ ሰፈር ካሉት የግቢ በሮች ግማሹን እሱ ሠርቷቸዋል፤ የቀሩትን ደግሞ በአጠገባቸው ባለፈ ቁጥር «ይኼም በር ተብሎ?» እያለ ይነቅፋቸዋል። ሥራ ከያዘ አያሳድርም፣ ይህን የማይወደው ሰው እንኳ አይክደውም። አንድ ዕቃ ብቻ ብየዳ ቤቱ ጥግ ተጎልቶ አቧራ ጠግቧል፤ የማማ ፖኒ የብረት ሳጥን። ማጠፊያው ተገንጥሎ ነው የመጣው። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ማማ ፖኒ መጥተው በጠየቁ ቁጥር ግን ደበበ ከሥራው ቀና ሳይል «ቡክራ፣ ማማ» ይላቸዋል፤ ነገ ማለቱ ነው።

«የዚህን ሰው ነገ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ» ትላለች ሚስቱ የኔነሽ። «እኔም ቀጠሮ አስይዤ ፀጉሬን ልሠራ።»

ትቀልዳለች እንጂ ነገሩን ታውቀዋለች። ማማ ፖኒ ሳጥኑን የፈለጉት ልብሳቸውን ሸክፈው ኒሙሌ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ለመሄድ ነው። ጠቅልለው። ሳጥኑ ከተጠገነ ይሄዳሉ፣ ካልተጠገነ አይሄዱም፤ ደበበ ያሰበው ይህንኑ ነው፣ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልመጣለትም።

ማማ ፖኒ የባሪ ብሔረሰብ ሴት ናቸው። ባልና ሚስቱ የሚኖሩት በሳቸው ግቢ ነው፤ አከራያቸው ናቸው ማለት ግን ነገሩን ማሳነስ ይሆናል። በዚያ በጥይቱ ሰሞን፣ ጁባ ውስጥ ሰው ጎረቤቱን በፈራበት ጊዜ፣ ሁለቱን ሐበሾች ዓሣ ማጨሻ ጎጇቸው ውስጥ ደብቀው፣ እሳቸው ደጃፉ ላይ ዘምቢል እየሠሩ ተቀምጠው ነው ያሳለፏቸው። ከዚያ ሲወጡ ሁለቱም ዓሣ ዓሣ ይሸቱ ነበር። ቸርች ውስጥ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ጠፍቶ እንደነበር የኔነሽ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። ደበበ ወላጅ እናቱን ገና በልጅነቱ ነው የቀበረው። ከዚያ ጎጆ ወዲህ ግን እናት የለኝም ሲል የሰማው የለም።

ታዲያ እኚህ ሴት ቤታቸውን ትተው ለምን ይሄዳሉ? በኮሩ የተነሳ ነው።

ኮር የሚባለው በበጋ ደርቆ አሸዋው የሚታይ፣ ዝናብ ሲመጣ ግን እየጎረፈ ነጭ አባይ የሚገባ ጅረት ነው። የሎሎጎው ኮር ከማማ ፖኒ ግቢ ጀርባ ካለ ሣራማ ኩሬ ይነሳል። ድሮ የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ አምባዛው ከትልቁ ወንዝ ወጥቶ፣ ጢሙን እያርገፈገፈ በኮሩ ሽቅብ ይመጣና ኩሬው ሣር ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል። ኩሬው መጉደል ሲጀምር ደግሞ ተመልሶ ይወርዳል። የሰፈሩ ሴቶች ያን ጊዜ ዘምቢል ይዘው ይጠብቁታል። ማማ ፖኒ ያጨሱታል፣ ያደርቁታል፣ ዓመቱን ሙሉ ይሸጡታል። ልጃቸውን ያስተማሩት በዚሁ ነው።

በኋላ መንገድ መጣ። መንገዱ ኮሩን ሲያቋርጥ ውሃው እንዲያልፍ ከሥሩ ትልቅ የሲሚንቶ ቱቦ ተቀበረ። የሠሩት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ በዚያ በኩል ዓሣ እንደሚያልፍ ማንም አልነገራቸውም፣ እነሱም አልጠየቁም። ቱቦው ከፍ ብሎ ተቀመጠ። ውሃው ከቱቦው አፍ እየተወረወረ ከታች ያለውን አፈር ሲቦረቡር ጊዜ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ የቱቦውም አፍ ወገብ በሚያህል ከፍታ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዓሣው ይመጣል፣ ይዘላል፣ ከሲሚንቶው ጋር ይላተማል፣ ተመልሶ ይወድቃል። የቀረውን ወፍና የሰፈር ወጠጤ ይለቅመዋል። ከላይ ኩሬው ውስጥ እንቁራሪት ብቻ ቀረ።

«ዘንድሮም ካልመጣ ከላስ፣ በቃኝ» አሉ ማማ ፖኒ። «እንቁራሪት አጭሼ አልሸጥም።»

ነገሩ ተስፋ የያዘው በአምለሰት በኩል ነው። አምለሰት ቶንፒንግ ሰፈር ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የውሃ ኢንጂነር ናት፤ እሑድ እሑድ ከየኔነሽ ጋር በአንድ መዘምራን ውስጥ ታገለግላለች። የኔነሽ ከልምምድ በኋላ የማማ ፖኒን ነገር አንስታ አንስታ አሰልችታት ነበር። አንድ ቀን ደበበ ጋ ስልክ ተደወለ።

«ጋሽ ደበበ፣ ያ የኮሩ ሥራ አፕሩቭ ሆነ። ፊሽ ላደር ነው የምንሠራው።»

«እሺ።»

«ታውቀዋለህ አይደል?»

ደበበ ብዙ ደግ ጠባይ አለው፤ አላውቅም ማለት ግን ከነዚያ መሀል የለም። «ምን አዲስ ነገር አለው፣ እህት አምለሰት። የዓሣ መሰላል ማለትሽ አይደል?»

«እሱን። ድሮዊንጉን በቴሌግራም እልክልሃለሁ። እኔ ለሥራ ቶሪት ደርሼ እመጣለሁ፣ አንተ ብረቱን ጀምር። ሰፋ ይበል፣ ርዝመቱም ስድስቱን ሜትር ሙሉ ይሁን፣ አትቁረጠው። ዝናቡ ሳይቀድመን።»

ድሮዊንጉ መጣ፤ ማለትም ደበበ ስልክ ላይ አንዲት ክብ ነገር ስትዞር፣ ስትዞር ውላ ቆመች። አልከፈት አለ። ደውሎ መጠየቅ ይችል ነበር። ነገር ግን «አውቀዋለሁ» ካለ በኋላ እንዴት ብሎ? ቁጭ ብሎ አሰበበት። የዓሣ መሰላል። አጥማጆች ዘምቢላቸውን ተሸክመው ከመንገዱ ወደ ኮሩ ሲወርዱ በጭቃው እየተንሸራተቱ በቂጣቸው ሲሄዱ በዓይኑ አይቷል። ለነሱ መውረጃ መሆኑ ነው። ደግ ሐሳብ ነው።

የኔነሽ ብረቱ ቅርጽ መያዝ ሲጀምር ብየዳ ቤቱ ደጅ ቆማ አየችው።

«ደቤ፣ ዓሣው መውጣት አቅቶት አይደል እንዴ ችግሩ? ሰው መውረድ መቼ አቃተው?»

«አንቺ መዝሙርሽን አጥኚ።»

«እሺ፣ እኔ ምን አገባኝ» ብላ ሄደች፤ ሰውየው ግን እዚያው ብየዳው መሀል ለአፍታ ቆም አለ። ከዚያ መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። አንዳንድ ጊዜ ሰው ጥርጣሬውን የሚያባርረው ሥራውን ይበልጥ በማሳመር ነው። ደበበም መሰላሉን አሳመረው። አግዳሚዎቹን የሴት እግር እንዳያዳልጥ አጠጋጋቸው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ሆነ። በግራና በቀኝ መደገፊያ አበጀለት፣ ጫፉን ሞረደው፣ እንዳይዝግ አንቲረስት ቀባው፣ በላዩ አረንጓዴ ቀለም ደረበበት። እውነት ለመናገር በሎሎጎ እንዲህ ያለ መሰላል ታይቶ አያውቅም።

የሚተከልበት ቀን ሪያድ በፒክአፑ ጭኖ አመጣው። ሪያድ ሀይ ጀላባ በሚባለው ሰፈር ብረት የሚሸጥ ሱዳናዊ ነው፤ ወሬ ካለበት አይጠፋም። ሰፈሩ ወጣ። ማማ ፖኒም በትራቸውን ይዘው መጡ። መሰላሉ ከመንገዱ ጠርዝ ወደ ኮሩ ወርዶ ሲቆም ሰው አጨበጨበ። በዚህ መሀል አምለሰት ከቶሪት በቀጥታ ደረሰች፤ ከመኪናዋ ወርዳ መሰላሉን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ጋሽ ደበበ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«መሰላሉ ነዋ።»

«እሱንስ አየሁት። የሚወጣበት ማን ነው?»

«ዓሣ…» ብሎ ጀመረና ፊቷን ሲያይ «…አጥማጅ» ብሎ ጨረሰው።

አምለሰት እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ፊሽ ላደር ማለት ዓሣው ራሱ የሚወጣበት፣ ውሃው በትንሽ በትንሹ እየወረደ የሚሄድበት ማለት እንደሆነ፣ ብረቶቹ ውሃውን የሚገቱ አግዳሚዎች መሆን እንደነበረባቸው ቀስ አድርጋ ነገረችው። ሪያድ ምን እንደተባለ በአረብኛ ጠየቀ፤ ሲነግሩት ወደ መሰላሉ አየ፣ ወደ ኮሩ አየ፣ ከዚያ የፒክአፑን በር ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ዓሣው እጁን መደገፊያው ላይ አድርጎ ሲወጣ ታየኝ» አለ። «ወላሂ አቡ ስሊም፣ ጫማም ግዛለት።»

ስሊም በጁባ አረብኛ መሰላል ነው፤ አቡ ስሊም ደግሞ ባለ መሰላሉ። ስሙ እዚያው ተለጠፈ። የቸርቹ ሐበሾች በበኩላቸው ስሊም ሲባል ሰምተው፣ በእንግሊዝኛ ቀጭን ማለት ነውና፣ የደበበን ቦርጭ እያዩ ሌላ ሳቅ ሳቁ። በአንድ ቀልድ በሁለት ቋንቋ የተሳቀበት ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ማማ ፖኒ ግን አልሳቁም። በትራቸውን ለየኔነሽ አቀብለው መሰላሉን ይዘው ወረዱ፣ ተመልሰው ወጡ።

«ጥሩ መሰላል ነው፣ ጀና ታይ» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ግን እኔ ዓሣ አይደለሁም። ሳጥኔን ቡክራ ስጠኝ። የእውነቱን ቡክራ።»

ደበበ ሳቁን ችሎት ነበር። ይህን አልቻለውም። ሰው ሲበተን የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። አምለሰት አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለች። «ላደር፣ ላደር ብዬ ሄድኩ። ድሮዊንጉን አየኸው ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።»

«ሌላ ብረት የለም?»

«ኦፊሱ የሚቀጥለውን የሚልከው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው።»

ወደ ሰማይ አዩ። ከወንዙ ማዶ ደመናው ጠቁሮ ተቆልሏል። አምለሰት ነገ ጠዋት መጥታ ከታች ያለውን ጉድጓድ እንደምትለካ ነግራው ሄደች፤ ቢያንስ ለከርሞ ይሁን ብላ።

ማምሻውን ዝናብ ጣለ፤ ብዙም አልነበረም፣ ኮሩን ለማስነሳት ግን በቃ። ጠዋት ደበበ ሌባ ሳይቀድመው መሰላሉን ሊያነሳ ሲሄድ ቦታው ላይ አጣው። የቆመበት ጭቃ ከድቶት ተንሸራቶ፣ ኮሩ ውስጥ በጀርባው ተጋድሟል። ራሱ የቱቦው አፍ ላይ፣ እግሩ ከጉድጓዱ ማዶ። ይባስ ብሎ የሌሊቱ ጎርፍ ያመጣው ጠጠርና ሣር፣ የተቀደደ ጆንያ፣ የሰፈሩ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ አግዳሚዎቹ መሀል ተሰግስጓል። ያን ሁሉ ቀለም ለዚህ ነው የቀባው? እየተነጫነጨ ሱሪውን ጠቀለለና ገብቶ ቆሻሻውን መንቀል ጀመረ።

«ጋሽ ደበበ፣ እጅህን አንሳ።»

አምለሰት ከመንገዱ ላይ ነው የተናገረችው። ሜትሯን እንደያዘች በጭቃው ወረደች፣ ጫማዋንም አላሰበችው። ጎንበስ ብላ ተመለከተች። እሱ ያልነካቸው አግዳሚዎች ላይ፣ ጠጠርና ሣር በታጨቀባቸው፣ ከእያንዳንዱ ብረት በስተጀርባ ትንሽ ውሃ ተኝቷል። ከላይኛው ሞልቶ ወደሚቀጥለው ይፈስሳል፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው። እሱ ያጸዳቸው ላይ ግን ውሃው ሰተት ብሎ ነው የሚወርደው።

«ምን አየሽ?» አለ ደበበ፣ የጠርሙስ እቅፍ ይዞ።

«መሰላልህን። አቁመኸው ነው እንጂ የተሳሳትከው፣ መሥራቱንስ ሠርተኸዋል። ይተኛ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አምለሰት ናት የመራችው። ጉድጓዱ በትልልቅ ድንጋይ ይሞላል፤ ውሃው ከታች ከፍ ሲል ወደ ቱቦው ተመልሶ ይተኛል፣ ኃይሉም ይቀንሳል። መሰላሉ በላዩ ይጋደማል፣ በአግዳሚዎቹ መሀል ድንጋይ ይጠቀጠቃል። መደገፊያዎቹ ተቆርጠው ተጨማሪ አግዳሚ ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ደግሞ ዓሣው የሚያልፍበት ዝቅ ያለ ቦታ ይተዋል፣ አንዱ በግራ፣ ቀጣዩ በቀኝ።

«ዓሣ ሽቅብ ሲሄድ ይደክመዋል» እያለች ለተሰበሰበው ሰው አስረዳች። «ትንሽ ወጥቶ አረፍ ማለት ይፈልጋል።»

«ደበበን ነው የምትይን?» አለች የኔነሽ።

አምለሰት መሰላሉን ከኮሩ መሀል ለመሀል ልታደርገው ነበር። ማማ ፖኒ በበትራቸው ወደ ዳር ጠቆሙ።

«አምባዛ ዳር ዳሩን ነው የሚሄደው፣ ሣሩን ይዞ። መሀል መንገድ የሚሄድ ቦዳ ቦዳ ሞተር ብቻ ነው።»

አምለሰት ስቃ ወደ ዳር አስጠጋችው።

ቅዳሜ የቸርቹ ወጣቶች፣ የሰፈሩ ሴቶች፣ ከአባይ ዳር የመጡ አጥማጆች ሳይቀሩ ተሰልፈው ድንጋይ አቀባበሉ። ሪያድ ከጀበል ኩጁር ተራራ ፍልጥ ድንጋይ ሲያመላልስ ዋለ፤ በደረሰ ቁጥር «አቡ ስሊም፣ ጫማውስ?» ማለቱን አልተወም። ጀነሬተሩ መንገዱ ላይ ያጓራል፣ ደበበ ኮሩ ውስጥ እርጥብ ሳንቃ ላይ ተንበርክኮ ይበይዳል። ከላይ ደግሞ የጸሎት ችግር ተፈጠረ። እሱ በልቡ «ጌታ ሆይ፣ እስከ ማታ ብቻ ያዝልኝ» ሲል፣ ሴቶቹ ድንጋይ እያቀበሉ ለዝናብ ይዘፍናሉ፣ እጃቸውን ወደ ደመናው እያነሱ።

«እማማዎች፣ እባካችሁ ቀስ በሉ» አላቸው በመጨረሻ። «ሁለታችንንም የሚሰማው አንድ እኮ ነው።»

የመጨረሻውን ብረት በይዶ ሲወጣ ጠብታው ጀመረ። ለሁለቱም ወገን ደረሰላቸው ማለት ነው።

እሑድ ዝናቡ የቸርቹን ቆርቆሮ ሲደበድብ ስብከቱ ለማንም አልተሰማም። ደበበ ዓይኑን ጨፍኖ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ያስብ ነበር። ከአምልኮ በኋላ ሁሉም ከነሙሉ ልብሱ ወደ ኮሩ ሮጠ። ውሃው ቡናማ ሆኖ እያጓራ ይሄዳል፣ መሰላሉ ጨርሶ አይታይም፣ ይኑር አይኑር አይታወቅም። ማማ ፖኒ ሳፋ ገልብጠው ተቀምጠው፣ ጃንጥላ ዘርግተው ጠበቁ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንድም ነገር አልታየም። አመሻሹ ላይ ተነሡና ሳፋቸውን ያዙ።

«ማሌሽ፣ አይዞህ» አሉት ደበበን። «ለፍታችኋል።»

ያን ሌሊት ብዙ አልተኛም። ጎህ ሲቀድ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ብየዳ ቤቱን ከፈተና ሳጥኑን ከጥጉ አወጣው። አቧራውን ጠረገ። ሰው እናቱን በተሰበረ ማጠፊያ አስሮ ማኖር አይችልም። ጠግኖ፣ እስከ ኒሙሌ መኪና ድረስ ራሱ ተሸክሞ ሊሸኛቸው ቆርጧል። ጀነሬተሩን አስነሳ። ኤሌክትሮዱን መያዣው ላይ ሰካ፣ መነጽሩን አወረደ፣ መልሶ አነሳ፣ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ። ጭስ ነው እንዳይባል ገና አልበየደም።

«ደቤ።» የኔነሽ በሩ ላይ ቆማለች፣ በነጠላ ጫማ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። «ና።»

«ምን ሆነሽ?»

«አትጠይቀኝ። ና ብቻ።»

ኮሩ ትንሽ ጎድሎ፣ የድንጋዮቹ ራስ ብቅ ብቅ ብሏል። ማማ ፖኒ ዳሩ ላይ ቁጢጥ ብለዋል፣ አጠገባቸው አምለሰት። በጣታቸው ወደ ውሃው ጠቆሙት። ደበበ የሚያሳዩትን ቦታ ተከትሎ አየ። መጀመሪያ ጭቃ መሰለው። ከዚያ ጭቃው ጢም አወጣ። አንድ አምባዛ፣ ክንድ የሚያህል፣ በሁለት አግዳሚ መሀል በተኛው ውሃ ውስጥ ጉንጩን እያንቀሳቀሰ አርፏል። ቆየ። ጅራቱን አንድ ጊዜ መታና ዝቅ ባለው ክፍተት ተሹለክልኮ ወደሚቀጥለው ደረጃ ወጣ። እንደገና አረፈ።

«አሁን ጫማ ቢኖረው» አለች የኔነሽ በሹክሹክታ። ደበበ ክንዷን ያዘ።

ዓሣው የላይኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ብዙ አመነታ። አንዴ ተንሸራቶ ተመለሰ። ሁለተኛ ሲሞክር ቱቦው ውስጥ ገብቶ ጨለማው ዋጠው። ማማ ፖኒ ያለ በትራቸው ተነሥተው መንገዱን ተሻገሩና ማዶ ሄደው ቆሙ። ከዚያ እጃቸውን አነሱ። ወጥቷል። ከታች ሣሩ ዳር ሌሎች ጢሞች ይታዩ ጀመር።

ሁሉም አልወጡም። ብዙዎቹ ቱቦው ደጃፍ ላይ ተሸንፈው ተመለሱ፤ አምለሰት ለሚመጣው በጋ ቱቦው ውስጥም ድንጋይ መቀመጥ እንዳለበት እያየች ታጉተመትም ነበር። ወሬው ሲሰማ ሁለት ጎረምሶች ጦር ይዘው እየሮጡ መጡ። ማማ ፖኒ በትራቸውን ከዳሩ አንስተው አግድም ይዘው መንገድ ላይ ቆሙባቸው።

«የምትወጣው እናት ናት፣ ሆዷ እንቁላል ነው። ስትወርድ ኑ፣ ያኔ እኔም ዘምቢል ይዤ እመጣለሁ። አሁን የነካ ሰው እኔን ይነካል።»

ጎረምሶቹ ጦራቸውን መሬት ላይ አድርገው እንደ ሌላው ሰው ለማየት ተቀመጡ።

ማማ ፖኒ ወደ ደበበ ዞሩ። «አቡ ስሊም» አሉት። በዚህ ስም ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነው። «ሳጥኔስ?»

ደበበ ወደ ብየዳ ቤቱ ጠቆመ። «ዛሬ ይደርሳል፣ ማማ። ጀምሬዋለሁ።»

«ቡክራ አይደለም?»

«ዛሬ።»

«ጥሩ አድርገህ በይደው፣ ክዳኑ ግጥም ይበል። ባለፈው ጉንዳን ገብቶ ስንቱን ዓሣ ጨረሰብኝ መሰለህ።»

«የምን ዓሣ?» አለ ደበበ። ቀስ ብሎ ነው የገባው። «ለልብስ አልነበረም እንዴ? ኒሙሌስ?»

«ኒሙሌ ላይ ምን አለኝ? ልጄ ከፈለገችኝ ትምጣ፣ የምታጸዳው ዓሣ አይጠፋም።» ብለው ወደ ውሃው ተመለሱ።

ደበበ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሪያድ ከፒክአፑ ሆኖ ጠራው፤ አልሰማውም። ማጠፊያውን በየደው፣ ክዳኑን ከፈተው፣ ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው። ከመሰላሉ የተረፈች አረንጓዴ ቀለም ጣሳው ቂጥ ላይ ነበረችና እሷንም ቀባው።

የኔነሽ በሩን ተደግፋ ታየው ነበር። «ስንት ደቂቃ ፈጀብህ?» አለችው።

«አምስትም አልሞላ» አለ ደበበ። «ቀለሙ እስኪደርቅ ግን ቡክራ ነው።»